ሲጠየቅ ብቻ የሚሠራ ቤት

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ አንዲት አህያ ቤት ልትሠራልን መጣች። ሄልሜቷ ላይ ለጆሮዎቿ ሁለት ቀዳዳ ተበጅቶላታል። አባቴን፣ እናቴንና ወንድሜን ሱራፌልን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ለአንቺስ ክፍል ይሠራልሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ግዴለም፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አልኳት።

እንደ ወጉ ደግማ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ሁለተኛ ስትለኝ ትንሽ ልግደረደር፣ ሦስተኛው ላይ እሺ ልል ነበር ሐሳቤ። አህያዋ ግን «ጥሩ» ብላ ሄደች።

በእውኑ አራታችን የምንኖረው በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የእኔ መኝታ ማታ ማታ ብፌው ሥር የሚዘረጋ ፍራሽ ነው። ልብስ ስቀይር ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩልኛል። የምሠራው ደግሞ የመኖሪያ ቤት በሚገነባ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰሞኑን ፋብሪካዎች ያለ ብክነት የሚያመርቱበትን ዘዴ ለቤት ግንባታ ስለ ማዋል ሥልጠና እየሰጡን ነበር። ፈላጊ ሳይኖር ምንም አይሠራ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ብክነት ነው ይሉናል። በሕልሜ ይህ የአገሩ ሕግ ሆኖ ነበር።

ሠራተኞቹ በየደጃፉ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በእግራቸው የሚመጡት ቤቶቹ ናቸው። መሠረት ብቻ ያለው ቤት ግንበኛው ፊት ቆሞ ብሎኬቱን ይቀበልና ወደ ለሳኙ ያዘግማል። መሐንዲሶች አሸዋ በጆንያ ተጭነው ያልፋሉ፣ አህዮች ከኋላ ሆነው «መጭ» ይሏቸዋል። አደባባዩ ላይ ኮንዶሚኒየሞች ተሰብስበው የሰው ዕጣ ያወጣሉ። አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ብቸኛ ጡረተኛ ደርሶት ያለቅስ ነበር።

«እኔ የጠበቅሁት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ነው» ይላል።

«አመስግን፣ ጎረቤትህ ደላላ ነው የወጣለት» አሉት ሌሎቹ ቤቶች።

የእኛ ቤት ሲመጣ ወለል ብቻ ነበር። አባቴ ደክሞት ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ልክ ጀርባው ሥር ግድግዳ ደረሰ።

«ቢዘገይስ ኖሮ?» አልኳት አህያዋን።

«አይዘገይም፣ አይቀድምም» አለች።

እናቴ ፎጣ ልትሰቅል እጇን ስትዘረጋ መጀመሪያ ምስማሩ መጣ፣ ከምስማሩ ኋላ ግድግዳው። አንድ ደመና ከላያችን ቆሞ «ልጀምር?» ብሎ ጠየቀ፤ ቆርቆሮው ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጋር እኩል ደረሰ። ሱራፌል ሦስት ክፍል አዝዞ ሦስቱም መጡለት።

«ሦስት ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«በአንዱ እተኛለሁ።»

«በሁለቱስ?»

«ስነሣ አስብበታለሁ።»

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወዲያው መነጽር ያደረገች ዶሮ ብክነት ልትፈትሽ ገባች። ሥራ የፈታ ነገር በመንቆሯ ስትነካ ሁለት ሰዎች የእንጨት ባሬላ ይዘው ይመጡና ተሸክመውት ይወጣሉ። ብፌው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ብርጭቆ ምን ይሠራል?»

«ለእንግዳ ነው፣ እመቤቴ» አለች እናቴ።

«እንግዳው የታል?»

«አንድ ቀን ይመጣል።»

«እንግዲያው ያን ቀን ይሠራለታል።»

እናቴ ብርጭቆዎቿን ለማትረፍ በየአንዳንዱ ውሃ እየቀዳች ትጠጣ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ሆዷን ይዛ «አባትሽን ጥሪልኝ፣ እኔ ሞልቻለሁ» አለችኝ። ዶሮዋ ግን እኔ ጋ ደርሳ ነበር።

«ይቺስ?»

«ልጃችን ናት» አለ አባቴ።

«ምን እየሠራች ነው?»

አባቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ቆማለች» አለ።

ዶሮዋ ጫማዬን ነካች። ባሬላውን ይዘው ከመጡት አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ መምህር ነበር። በትሕትና «ቁጭ በይ» አለኝ። እንቢ ማለት አፍሬ ቁጭ አልኩ።

«ወዴት ነው የምትወስዱኝ?»

«ትርፍ ወደሚጣልበት ሜዳ» አለኝ።

ሜዳው ማዶ ይታያል። የተረፈ አሸዋና የተጣመመ ፌሮ ተከምሮበታል፤ ከፌሮው አጠገብ ደግሞ ብዙ ሰዎች ቆመዋል። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ ግን «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ»፣ «በፍጹም፣ እርስዎ» ሲባባሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ከዚያ የሚመለስ ሰው አላየሁም።

«አሁን ክፍል ብጠይቅ ይሠራልኛል?» አልኳት ዶሮዋን።

«እየጠየቅሽ ነው ወይስ ስለ መጠየቅ እያወራሽ ነው?»

«ትንሽም ብትሆን…»

አንድ ክፍል መጣች። ከሳሙና ካርቶን አትበልጥም። በበሯ ጣቴን አስገባሁ፤ ውስጧ ይሞቃል።

«ከተመቻችሁ፣ ከዚች ሰፋ ያለች…»

«እኛ ሁልጊዜ ይመቸናል» አለች ዶሮዋ። «ስለ አንቺ ነው የምናወራው።»

ባሬላው ተነሣ። አባቴና እናቴ ከበራፍ ሆነው መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። መምህሬ ቁና ቁና እየተነፈሰ ይሸከመኛል፤ እንዳይከብደው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሰዎቹ «ነይ፣ ቦታ አለ» እያሉ ይጠጋጉልኝ ጀመር። እግሬ አሸዋውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው የያዝኩት ትንፋሽ ከነቃሉ ወጣ።

«ክፍል እፈልጋለሁ። ሙሉ ክፍል። በር ያለው፣ ቁልፉ በእኔ እጅ የሆነ።»

በገዛ ድምፄ ነቃሁ።

ነግቷል። ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ ማሳሉን አቆመ። ሱራፌል ቀና ብሎ ያየኛል።

«ማን ነው ክፍል የሚፈልገው?» አለች እናቴ።

ሕልም ነው ልላት እችል ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አከራያችን እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከእሳቸው ቤት የሚለየን ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ትርሲትዬ፣ ክፍል ፈልገሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። «በጓሮ በኩል አንድ አለችኝ። ሦስቱ ግድግዳ አልቋል። አራተኛውን ሰው ሲገኝ አስገነባዋለሁ ብዬ ነው የተውኩት።»

እናቴ ወደ አባቴ አየች። አባቴ ወደ ጣሪያው አየ። ነጠላዬን ደርቤ ክፍሉን ለማየት እትዬ በላይነሽን ተከትዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።