የቲኬት ቆራጩ ጎራዴ

ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስንት ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል? እኔ ሦስት ዓይነት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጩ ደግፌ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነበር። በጣቢያው ግቢ ባሳየነው ትያትር እሱ አባቱ የተገደለበት ወጣት ልዑል ሆነ፤ እኔ ደግሞ ገዳዩ አጎት። መጀመሪያ ሲያለቅስ አሳዘነኝ። መሃል ላይ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ጎበዝ አልኩ። መጨረሻ ላይ የእንጨቱን ጎራዴ ጥሎ ከቤት ይዞት የመጣውን የወላጅ አባቱን እውነተኛ ጎራዴ ሲመዝ ግን ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

«ደግፌ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኩት በሹክሹክታ።

«አውቄሃለሁ፣ አንተ ያባቴ ገዳይ።»

እስከዚያ ቀን ጋሼ እንጂ አንተ ብሎኝ አያውቅም።

ይኼኔ ከተመልካቹ መሃል የአርሲዋ አዴ ጫልቱ የሲንቄ በትራቸውን ይዘው መካከላችን ቆሙ። ሲንቄ የያዘች ሴት መሃል ከገባች ጠብ የሚቀጥል ወንድ በአገሩ የለም።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ በቃህ» አሉት።

«እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጎራዴው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል?»

ደግፌ ስለቱን አየ፤ ጎራዴውን ጥሎ እግራቸው ላይ ወደቀ።

የትያትሩ ደራሲ እስከ ዛሬ «ትያትሬን ያለ ሞት አስጨረሱብኝ» እያለ ይወቅሳቸዋል። እኔም አንገቴን እየዳሰስኩ እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ።