የመላጊያው ማሽን ቦታ ሲቀየር

ስልጠና ሲባል ምን ይታያችኋል? ለእኔ የሚታየኝ ሻይ ከነብስኩቱ፣ አበል፣ ከዚያ ደረቱ ላይ የተጻፈበት ቲሸርት ነው። ስልጠናው የውጭ አገር ከሆነ ቲሸርቱ ትንሽ ይወፍራል። የሥራ አስኪያጃችንን የሌሊሴን ነገር እስካይ ድረስ እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት።

እኔ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም አማርኛዬን በኦሮምኛ እያጣፈጥኩ አደግሁ። ድርጅታችን አልጋም ቁም ሣጥንም ይሠራል፤ የሚታወቀው ግን በማዘግየት ነው። ለሠርግ የታዘዘ አልጋ ለልጅ ክርስትና የደረሰበት ጊዜ አለ። ደንበኛ ሲቆጣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን። ሳንቸኩልም እናፈስ እንደነበር ግን ማን ይናገር?

በዚህ መሀል ሌሊሴ ለሥራ ማሻሻያ ስልጠና ጃፓን ተላከች። ስትመለስ አዳራሽ ሰብስባ ፎቶ ታሳየናለች ብለን ጠበቅን። አልሰበሰበችንም። ጠዋት ትገባለች፣ «አከም ቡልተን» ብላ እንዴት እንዳደርን ትጠይቀናለች፣ ከዚያ ሥራ ቤቱ መሀል ቆማ ታያለች። ብቻ ታያለች። አንዱ የአየር ለውጥ ነው አለ። ሌላው ጠበል ቢወስዷት ሲል ሰማሁ።

ለካ የእንጨቱን መንገድ እያየች ኖሯል። ሳንቃው ከመሰንጠቂያው ወጥቶ መላጊያው ማሽን ጋ ለመድረስ ቤቱን ሙሉ ይዞራል። ተሸካሚዎቹ የተከመረ ጣውላ ይዘላሉ፣ ሰጋቱራ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ከሚመለሱት ጋር ይጋጩና ይቅርታ ይባባላሉ። መላጊያው ያለው ጨለማው ጥግ ውስጥ ነው። ለምን እዚያ ሆነ ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ የለም።

ችግሩ መላጊያው ባለቤት አለው። ኦቦ ቶለራ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከዚያ ማሽን ተለይተው አያውቁም፤ ለጡረታም ጥቂት ነው የቀራቸው። ማሽኑ ከዚያ ጥግ ሊነሳ ነው ሲባሉ ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉ፣ ማሽኑ ላይ አኖሩና ወጡ። በማግስቱም አልመጡ።

ያን ሰሞን ደግሞ ለጉቶ ጊዳ ወረዳ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዴስክ ታዞ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው። ካዘገየን ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ። ሰውየውን በሌላ እንተካ ተባለ፤ እኔም ደንቡ ይፈቅዳል አልኩ። ሌሊሴ ግን ተነስ፣ ቤታቸው እንሂድ አለችኝ።

ቤታቸው ከድርጅታችን ብዙ የማይርቀው ጨለለቂ ሰፈር ነው። ባለቤታቸው እርጎ አቀረቡልን። ሌሊሴ ማሽን የሚባል ነገር አላነሳችም፤ ስለ ጃፓን አወራቻቸው። እዚያ አሰልጣኟ ድርጅትሽ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ሠራተኛ ማነው ብሎ ጠይቋት ስማቸውን ነገረችው። ሥራው ላይ ምን ይቸግረዋል ሲላት አላውቅም አለችው።

«ኦቦ ቶለራ፣ እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች።

ሽማግሌው የእርጎ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ያንን ጥግ እጄ ያውቀዋል። ማሽኑን ሌላ ቦታ ከወሰድሽው ጣቴን ይበላዋል። ብናገር ደግሞ ታስወጡኛላችሁ።»

ባለቤታቸው የእርጎውን ማሰሮ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ለካ እሳቸውም አልሰሙም። እኔ የመላጊያው ስለት ትዝ ሲለኝ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።

ሌሊሴ ማንም አያስወጣዎትም አለቻቸው። በማግስቱ ራሷ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ መነጽር ታዘዘላቸው። ከዚያ ማሽኑ የት ይሁን ብላ ጠየቀቻቸው። ሥራ ቤቱን ዞረው ዞረው ከመሰንጠቂያው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ቆሙ። ብርሃን አለ፤ ሳንቃውም እጅ በእጅ ይደርሳል። ማሽኑ እዚያ ተተከለ፤ እሳቸውም የጥንቱን ሽርጣቸውን ታጠቁ። ዴስኮቹ የሚጫኑበት ቀን ሲደርስ ሾፌሩ «ነገ ና» ተብሎ ለመመለስ ነበር የመጣው። ተደርድረው ሲጠብቁት የሌላ ሰው ዕቃ መስሎት ሊሄድ ሲል ያዝነው።

እንግዲህ በውጭ ስልጠና ሲሾፍ አሁን አብሬ አልስቅም። ከቢሮዬ እስከ ኦቦ ቶለራ ደጅ የሻይ ሰዓት መንገድ ናት። እኛ ግን በጃፓን ዞረን ነው የደረስንባት። ይሁን፣ ዞሮም መድረስ አለ።

በቅርቡ ገምጋሚዎች መጥተው ምርታችን መጨመሩን መሰከሩ። የጃፓን ዘዴ ውጤት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። ኦቦ ቶለራ መነጽር ካጠለቁ ወዲህ በዚያ መስኮት የግቢው በር ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ቀድሞ እንደወጣ ያውቃሉ፤ ሲያውቁም ዝም አይሉም። እኔ ራሴ በሰዓቱ መግባት ከጀመርኩ ቆየሁ።