ከወንበራቸው ሳይነሡ ባሕር የተሻገሩት ኃላፊ

በ2006 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ከውጭ አገር በጎ አድራጊዎች አንድ መነጽር ተላከ። ለማንበቢያ የሚሆን አይደለም። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው፤ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ሲያደርጉት የተዛባ እንቅልፍን ወደ ቦታው ይመልሳል ይባላል። አብሮት የመጣው ወረቀት ለማን እንደሆነ አልደበቀም፤ ማይግሬን እንቅልፍ ለነሣው ሕመምተኛ፣ እንዲሁም በአውሮፕላን ሩቅ አገር ደርሶ መጥቶ የሰዓት ልዩነት ላስቸገረው መንገደኛ።

ጎረቤቴን እትዬ የብርጓልን ማይግሬን ከያዛቸው ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖ ነበር። ሲነሣባቸው ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ መስኮት ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አይዞርም። የመነጽሩን ወሬ እንደ ሰሙ እኔን አስከትለው ሄዱ።

ኃላፊው አቶ እንዳላማው መነጽሩን አድርገው፣ ፊታቸው ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ መነጽሩ ተይዟል» አሉ።

«ማይግሬን አለብዎ እንዴ፣ ጌታዬ?»

«የለብኝም። እኔ ያለብኝ የሰዓት ልዩነት ነው።»

«ውይ! የት አገር ሄደው ነበር?»

«የትም። ሥራው መች ያስነሣኛል!» ወደ ግድግዳው ጠቆሙ፤ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ይላል። ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ፤ ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ይላል። «ስድስት ሰዓት ሙሉ! ቀና ስል እዚህ ነኝ፤ ዝቅ ስል ፈረንጅ አገር። በቀን ስንቴ ቀና ዝቅ እንደምል ያውቃሉ? ፓይለት እንኳ እንደኔ አይመላለስም።»

«የግድግዳውን ቢያወርዱትስ?»

«የመንግሥት ንብረት ይወርዳል እንዴ፣ እናቴ!»

እትዬ የብርጓል ማመልከቻ አስገቡ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቤታቸው ድረስ መጥቶ ሰዓት ፈለገ፤ አጣ። እሳቸው የሚያውቁት በፀሐይ ነው። የእጅ ሰዓቴን ላውሳቸው ብል፣ አንድ ሰዓት ብቻውን ልዩነት አይፈጥርም ተባልኩ። ውሳኔው ማኅተም ተመቶበት መጣ፦ «በአመልካቿ ቤት የሰዓት ልዩነት ቀርቶ ሰዓትም ባለመገኘቱ፣ ራስ ምታታቸው አገር በቀል መሆኑ ተረጋግጧል።»

ከወር በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ያለምወርቅ እያለከለከች መጣች። «እትዬ፣ መነጽሩ ተፈቀደልዎ! ቶሎ ይምጡ!»

ያን ቀን ራሳቸውን ሲፈልጣቸው ነበር የዋለው። ቢሆንም ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ፤ እኔም ክንዳቸውን ደገፍ አድርጌ አደረስኳቸው። አቶ እንዳላማው መነጽሩን ከዓይናቸው አውልቀው በገዛ እጃቸው አደረጉላቸው። እትዬ ገና ምርቃት ሲጀምሩ ያለምወርቅ ካሜራ አንሥታ ብልጭ አደረገችባቸው። ራሳቸውን ይዘው አጎንብሰው ቀና እስኪሉ መነጽሩ ኃላፊው ዓይን ላይ ተመልሷል።

«ምነው ጌታዬ?»

«ላኪዎቹ ማስረጃ አምጡ ብለው ነው» አሉና ሪፖርቱን አነበቡላቸው፦ «አንዲት የማይግሬን ሕመምተኛ የመነጽሩ ተጠቃሚ ሆነዋል። እንቅልፋቸውም መቶ በመቶ ተሻሽሏል።»

«እኔ መች ተኛሁ?»

«ተጽፏል እኮ፣ እናቴ!»

እትዬ የብርጓል ግድግዳውን ተደገፉ። «እንግዲያው፣ የኔ ጌታ፣ ከጻፉ አይቀር ራስ ምታቱንም ያድኑልኝ።»

«እሱ እንኳ» አሉ አቶ እንዳላማው፣ «ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ታቅዷል።»