አጥንቱን የሚያዩት ጋሽ ካሣዬ

በዚህች አገር ያለ ተንታኝ የሚያድር ሰፈር የለም። መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ ውኃ የሌለውም ሞልቷል። መብራቱና ውኃው ለምን እንደጠፉ ከዓለም ፖለቲካ ጋር አያይዞ የሚያስረዳ ሰው ያጣ ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የእኛ የአዘዞዎች ተንታኝ ክቡርነታቸው ጋሽ ካሣዬ ናቸው።

ጋሽ ካሣዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ውስጥ ራጅ ሲያነሡ ኖረው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ሥራውን ለቀቁት እንጂ ሥራው እሳቸውን አልለቀቃቸውም። ወሬ ሲነገራቸው ዓይናቸውን ጨፈን፣ አገጫቸውን ቀና ያደርጉና "ሥጋውን ተዉት! አጥንቱን እዩት!" ይላሉ። አጥንቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ምክንያት ያለው ነገር በጋሽ ካሣዬ ዓለም ገና አልተፈጠረም።

አንድ ጊዜ ወደ ማራኪ በሚሄድ ሚኒባስ አብረን ተሳፍረን ጎማ ተነፈሰ። እኛ ሚስማሩን አየን፤ እሳቸው ጎማው የተሠራበትን አገር የመንግሥት ለውጥ አዩ። እዚያው መንገድ ዳር ቆመው ሲያብራሩ፣ ሚስማሩን ነቅሎ በእጁ የያዘው ሹፌር ራሱ በመጨረሻ ተጠራጠረ። የማክሰኝት ሽንኩርት ሲወደድም "መርከብ ቦይ ውስጥ ተሰንቅሮ ነው" ብለውናል። "ማክሰኝት ደግሞ መርከብ የት አላት?" ያለ ሰው አበቃለት፤ እስከ ሜዲትራኒያን ይዘውት ሄደው አመሻሽ ላይ ይመልሱታል።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ቤልፋስት የምትባለው ከተማ የተቃጠለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። አውቶቡስ ይነድዳል። ከተማዋን ለሁለት በሚከፍል ረጅም ግድግዳ ላይ ወጣቶች ወዲያና ወዲህ ድንጋይ ይወራወራሉ። ጋሽ ካሣዬ ከወንበራቸው ተነሥተው ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ቀሰሩ።

"አያችሁ? እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች፤ በባሕሩ ላይ አዲስ ኬላ ቆመ፤ ሰፈሩ ተቃጠለ። አለቀ! ሰው ከኅብረት ሲወጣ እሳት ይገባል።"

ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው። የተማሪ ፈተና እያረሙ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ግድግዳውስ?" አሉ።

"የምን ግድግዳ?"

"ድንጋይ የሚወራወሩበት ነዋ። ያ ግድግዳ መቆም የጀመረው እንግሊዞቹ ኅብረቱ ውስጥ ሳይገቡ ነው፤ አሁን ቴሌቪዥኑ ሲናገር አልሰማህም? ሳይገቡ ነው እንዴ ወጥተው የተጣሉት?"

ጋሽ ካሣዬ ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ አነሡ። ከዚያ በታላቅ ርኅራኄ ወደ እኔ ዞሩና "ግድግዳው ሥጋ ነው" አሉኝ።

ይህ ነገር በዚያው ቢቀር ኖሮ ስቀን እንረሳው ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ የእኛው ዕድር ተከፈለ።

አዘዞ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩት ነባሮቹ፣ ከዳባትም ከማክሰኝትም ከሌላውም እየመጡ ከወደ አውሮፕላን ማረፊያው በኩል አዳዲስ ቤት የሠሩት ደግሞ የላይ ሰፈሮቹ። ዕድራችን አንድ ነበር። አንድ እሑድ የላይ ሰፈሮቹ ብድግ ብለው "የራሳችንን አቋቁመናል፤ እንግዲህ በሰላም ሁኑ" ብለው ወጡ። መሪያቸው ወይዘሮ ሐረገወይን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሰፈር አልሆነም። በውኃ ወረፋ ሴቶቹ ሰላምታ ተከለካከሉ። አንድ የላይ ሰፈር ለቅሶ ላይ የድንኳኑ ገመድ በጠራራ ፀሐይ ተፈትቶ ተገኘ። በኳስ ሜዳ ወጣቶቹ ተፈነካከቱ። ይባስ ብሎ የቤተ ክርስቲያናችን ንግሥ እየቀረበ ነበርና "ታቦቱ ሲወጣ እንገናኛለን" ተባባሉ። ዱላ እየተመለመለ ነው የሚል ወሬ በየቤቱ ገባ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ ለመላክ ማሰብ ጀመሩ።

ጋሽ ካሣዬ ግን ወጣትነታቸው ተመለሰ! ሕይወታቸውን ሙሉ የጠበቁት ራጅ በገዛ ሰፈራቸው ተነሣ። ከቤት ቤት እየሮጡ "ቤልፋስት! ቤልፋስት! አላልኳችሁም? ሁሉም የመጣው ከመውጣት ነው! ይመለሱ፤ በማግስቱ ሰላም ነው!" ይላሉ። ቤልፋስትን የሰው ስም የመሰላቸው አንዲት አሮጊት "ይህን ሰውዬ ካህናቱ ለምን አይገሥጹትም?" ብለው ጠየቁኝ።

በእሳቸው ጉትጎታ ሁለቱም ወገን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ፈሰሰ። ነባሮቹ በስተቀኝ፣ የላይ ሰፈሮቹ በስተግራ፣ መሐሉን ማንም አልተቀመጠበትም። የነባሩ ዕድር ዳኛ አያ ዳኛው ናቸው፤ ገበሬነታቸውን ከተማ ያልነጠቃቸው ሽማግሌ። በጸሎት ከፈቱና ለጋሽ ካሣዬ ዕድሉን ሰጡ።

ምን ልበላችሁ! ንግግር ነበር። አውሮፓን ከፈቱ፤ ባሕሩን ተሻገሩ፤ አውቶቡሱን አነደዱ፤ በመጨረሻም ወደ ግራ ዞረው "ስትወጡ ያወጣችሁት ሰላማችንን ነው። ተመለሱ፤ ሰላማችንም ይመለስ!" አሉ። የቀኙ ወገን አጨበጨበ። የግራው እጁን አጣጥፎ አያቸው።

ሐረገወይን ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጋሼ፣ ከመውጣታችን በፊት ሰላም ነበርን?"

"እንዴታ!"

"ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ዕድራችን አንድ ነበር። ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ፤ ወንበሩም፣ ድስቱም ደረሰ። ሰው ግን አልደረሰም። ከላይ ሰፈር ካሉት በቀር ድንኳኑ ባዶ ነበር። ባዶ ወንበር እያየሁ ነው ባሌን የሸኘሁት። እኛ የወጣነው ያን ቀን ነው፤ በዚያ እሑድ ስሙን ብቻ ነው ያወጣንለት።"

ጋሽ ካሣዬ አገጫቸው እንደተቀሰረ ቀረ።

"ማነው... ማነው ያልመጣው?" አሉ።

"ስም አልጠራም። ግን እርስዎም አልመጡም፣ ጋሼ።"

ስድብ አልነበረም። ሐዘን ነበር፤ ለዚያም ነው የከበደው። ጋሽ ካሣዬ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ሸዋረጋ እጃቸውን ያዙላቸው።

ያን ጊዜ አያ ዳኛው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ነገሩ የበቀለው ድሮ ነው፤ እኛ ነን የዘራነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ድሮ ወጣቶቹ ሲጣሉ ምነው አይባሉም ነበርን? የአንቺንም የእኔንም አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እገሥጽ ነበር። ዛሬ የእኔ ለአንቺ ዳኛ አይታዘዝ፣ የአንቺው ለእኔ አይታዘዝ። መውጣታችሁ ጠቡን አልወለደውም። የሚያስታርቀውን ደጅ ግን ዘግቶታል። ይኼ ሸጋ አይደለም።"

ሐረገወይን ራሷን ነቀነቀች። "እሱስ እውነት ነው፣ አያ" አለች። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ሁሉም ዱላውንና ንግሡን እያሰበ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ካሣዬ በሬን አንኳኩ። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

"ማን ሞተ ጋሼ?" አልኩ ደንግጬ።

"የሐረገወይን ባል።"

"እሳቸውማ ተዝካራቸው ከወጣ ስንት ጊዜው!"

"እኔ አልደረስኩማ። ና፣ ብቻዬን አልችልም።"

እኔ ሐዘኑ ሲሆን ገና ወደ አዘዞ አልመጣሁም ነበር፤ ሰውየውን አላውቃቸውም። ሄድኩ። ሸዋረጋም ተከተሉን። የነባሮቹን መንደር በዚያ አለባበስ ስናቋርጥ ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። የላይ ሰፈር ስንገባ ደግሞ ወጣቶች ከግንብ ላይ ተነሥተው ቆሙ፤ አንዱ በእጁ ዱላ ነበረው። ጋሽ ካሣዬ አላዩትም። ሐረገወይን ለሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ነበረች።

"ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት፤ ዘግይቻለሁ" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። "ወንድሜን! ጎረቤቴን! ሳልሸኝህ!"

ሽማግሌ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ምን ይደረጋል? ሐረገወይን ቦርሳዋን ጣለችና አቅፋቸው አብራ አለቀሰች። ባለ ዱላው ወጣት ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወንበር ሊያመጣ ገባ።

እኛ ቁጭ ብለን ሳንጨርስ አያ ዳኛው ደረሱ። ከኋላቸው በውኃ ወረፋ ሰላምታ የተከለካከሉት ሴቶች፣ ከዚያ ባሎቻቸው፣ ከዚያ በኳስ ሜዳ የተፈነከተው ልጅ ከነፋሻው። እስከ ቀትር ግቢው ጢም አለ፤ ወንበር አልቆ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐረገወይን በዚያ ቀን ሥራ አልገባችም። ሰውን እያየች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። የባሏን ፎቶ አውጥታ እየዞረች፣ ምን ምን ይወድ እንደነበር ላልጠየቃት ሁሉ ነገረች።

ዕድሩ አንድ አልሆነም። የላይ ሰፈሮቹ የራሳቸውን ይዘው ቀሩ፤ ነባሮቹም አልለመኗቸውም። ነገር ግን ለቅሶ ሲኖር ሁለቱም እንዲገኙ፣ ወጣት ሲጣላ ሁለቱ ዳኞች አብረው እንዲቀመጡ ተስማሙ። የንግሡ ቀን ታቦቱ ሲወጣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሁለቱም ወገን ወጣቶች ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ ከበሮው ሲመታ ዱላውን ወደ ላይ ወርውረው እየጨፈሩ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወረዱ። እልልታው ጆሮ ይበሳ ነበር! በጭፈራው መሐል ጋሽ ካሣዬ ጋቢያቸው ወድቆባቸው እየዘለሉ አየኋቸው፤ አያ ዳኛው "ኧረ ወገብህን!" እያሉ ይከተሏቸዋል።

ተንታኝነታቸውን ትተዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ሳምንት ለዓይን ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። በዚያው ሰሞን ከአንድ ሩቅ አገር የሁከት ወሬ መጣ፤ ሻይ ቤት ተሰብስበን ሁላችንም የየራሳችንን ምክንያት ደረደርን፣ ግን ማናችንም በሙሉ ልብ የሚሳሳት ሰው አልሆንንም። ነገሩ ጨው አጣ። ወጣ ብዬ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው ይላሉ?"

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ዓይናቸው በፋሻ እንደታሰረ አገጫቸውን ቀና ሲያደርጉ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ።

"ጊዜ አለህ?" አሉ።

"አለኝ ጋሼ" አልኩና ድንጋይ ፈልጌ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።