ፍራሽ የሚያውቀው ሰው

ሌላው ሰው ፊልም ላይ አልጋ ሲያይ ምን እንደሚያይ እንጃ። እኔ ፍራሹን ነው የማየው። ምን ላድርግ? ጭድ ተራ ፍራሽ ስሞላ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ላይ የቆመ ነው። ፍራሽ ግን አነባለሁ።

የጭድ ፍራሽ አይዋሽም። በየዓመቱ ተፈትቶ ይታደሳል፤ ስፈታው የሰዎቹን ኑሮ ውስጡ አገኘዋለሁ። የተኳረፉ ከሆነ ግራና ቀኙ ጎድጉዶ መሃሉ ላይ ጉብታ ይሠራል። የሚዋደዱ ከሆነ መሃሉ ላይ አንድ ጎድጓዳ ብቻ ነው። የእኔስ ፍራሽ? ቆዩ፣ እመለስበታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አጥር የምንጋራቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አስካለና ዘይነባ። አስካለ የሸዋ ክርስቲያን፣ ዘይነባ የወሎ እስላም። በአንድ የስፌት መኪና የትራስ ልብስ ይሰፋሉ፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ይኖራሉ። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ድስት አትጥድም። ሚስቴን ብርነሽን ተስቦ የያዛት ጊዜ፣ ዘመድ ሁሉ ከደጃፍ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ሲመለስ፣ ገብተው ያጠቧት እነሱ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለእነሱ ነው።

ሰፈርተኛው «እህትማማቾች ናቸው» ይላል። ሸዋና ወሎ እህትማማች! ፍራሻቸውን የማድሰው እኔ ነኝ። መሃሉ ላይ አንድ ጎድጓዳ። ፈታሁ፣ ሞላሁ፣ ሰፋሁ፣ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የሚነቅዘው ጭዱ ነው።

አንድ ቀን ቀበሌው «ቤት ለቤተሰብ ነው፤ ባል የሌላቸው ሁለት ሴቶች ቤተሰብ አይባሉም፤ አንዷ ትልቀቅ» አለ። ቤቱ በአስካለ ስም ነው። ዘይነባ ወዴት ትግባ? ነገሩ ለእሑዱ ስብሰባ ተቀጠረ። አስካለ አጥሩ ጋ መጣች።

«ጋሽ ወልዴ፣ የዕድር ዳኛ ነዎት፣ ይሰሙዎታል። የሥጋ ዘመዶች ናቸው ይበሉልን» አለችኝ።

በሐሰት አትመስክር የሚለውን ምን ላድርገው? «እጸልይላችኋለሁ» አልኳት።

«ጸሎቱንማ እኛም አላነሰን ጋሼ። የቸገረን አፍዎ ነው።»

እሑድ ደረሰ። ሰው ስብሰባ እንዲመጣ አስቀድሞ ፊልም ይታያል። ካድሬያችን «ፊልም ሕዝብን ያስተምራል» ማለት ይወዳል። የዚያን ዕለቱ ከወዳጅ አገር የመጣ፣ የጥንት ዘመን ፊልም ነው። ሠረገላ፣ ሻማ፣ ወለል የሚጠርግ ቀሚስ። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ካድሬው በድምፅ ማጉያ ያስረዳናል።

«ጓዶች! ይህች የፊውዳል እመቤት ናት። ያቺ ገረዷ ናት። ብዝበዛውን ልብ በሉ!»

ልብ አልን። እመቤቲቱ ተንበርክካ የገረዲቱን ጫማ ፈታች። «ይህ ማታለያ ነው» አለ ካድሬው። ገረዲቱ ስታስል እመቤቲቱ የራሷን ኩታ ደረበችላት። «ይህም... ያው ነው» አለ። ከዚያ ገረዲቱ የእመቤቲቱን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና ሳመቻት። ድምፅ ማጉያው ጸጥ። ከኋላ አንድ ኩሊ፣ «ኧረ እንዲህ ያለውን ብዝበዛ ለእኛም አምጡልን!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅሁም። ፊልሙ ላይ ነግቶ ሁለቱ ከአልጋ ሲነሡ ፍራሹ ታየኛ! የጭድ ፍራሽ፣ መሃሉ ላይ አንድ ጎድጓዳ። በሌላው ፊልም ተዋደዱ የተባሉ ሰዎች አልጋ ገና ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ይህን የሠራው ሰው ግን አልዋሸም። ዞር ብዬ አየሁ። አስካለና ዘይነባ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው በአንድ መሐረብ ተራ በተራ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን እነሱን ለእነሱ አሳይቷቸው ያውቃል?

መብራት በራና የነአስካለ ቤት ጉዳይ ተነሣ። ሳቁ ያናደደው ካድሬ እኔን አስነሣኝ።

«ጓድ ወልዴ፣ ጎረቤት ነዎት። ከሁለቱ ሴቶች በዝባዧ የትኛዋ ናት?»

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። አምላኬ ሆይ፣ እንዳልዋሽም ሰው እንዳላጠፋም አድርገኝ አልኩ በልቤ።

«ጓድ፣ አንዷ ስትሰፋ አንዷ ታበስላለች። አንዷ ስትታመም አንዷ ቁጭ ብላ ታድራለች። በዚያ ቤት እመቤትም ገረድም የለም።»

«እኩል ናቸው ነው የሚሉን?»

«እኩል። የእኛን ቤት ከጠየቁኝ ግን ሌላ ነገር ነው።»

ብርነሽ ከሴቶቹ መሃል «አቤት፣ ዛሬ ገና እውነት ተናገረ!» አለች።

የካድሬው ፊት በራ። ፊልሙ የነሣውን ትምህርት እኔ መለስኩለት መሰለኝ። «ጓዶች! ይህ እኮ ማኅበር ነው!» አለ። ቤቱ የስፌት ማኅበር ተብሎ በሁለቱም ስም ጸደቀ። ማኅበሩ ሌላ አባል ሳይቀበል ደርግ ወደቀ።

ኃጢአት ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ፍርዱን ለባለቤቱ ትቻለሁ። እኔ የምፈራው፣ «ሚስትህን የሚያጥቡ ሰዎች ላክሁልህ፤ አንተስ ምን አደረግህላቸው?» ያለኝ እንደሆነ ነው። ያንን ፊልም የሠራውንም ሰው በጸሎቴ አነሣዋለሁ። ስሙን ስለማላውቅ «ያን ፍራሽ የሚያውቀውን ሰው አስበው» እላለሁ። እግዜር ይለየዋል።

ከስብሰባው ስመለስ ፍራሻችንን ግቢው ድረስ ጎትቼ አወጣሁ። ግራ አንድ ጎድጓዳ፣ ቀኝ አንድ፣ መሃሉ ላይ እንደ አገር ድንበር ያለ ጉብታ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አለች ብርነሽ።

«ጉብታውን እያፈረስኩ ነው። ነይ፣ ጫማሽን ልፍታልሽ።»

«ያምሃል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እግሯን ግን ዘረጋች።

በዓመቱ ፍራሹን ስፈታ እጄ መሃሉ ላይ ካለ አንድ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። ተመስገን። ካድሬው ፊልም ያስተምራል ሲል እውነቱን ነበር፤ በተለይ ድምፅ ማጉያው ጸጥ ያለ ጊዜ።