የአቶ ዛስትሮ የመኪና ቦታ

ዋና ጎዳና ያለው ትንሽ ከተማ ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ አንድ የማይቀር ነጋዴ አለው። ጠዋት መኪናውን ሱቁ ደጃፍ ይገትርና እስከ ማታ አያነሳውም፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ይነሳና «ደንበኛ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ ወይ ትልቅ ከተማ ነው ያደገው፣ ወይ ሰውዬው ራሱ ነው።

የእኛው ክቡር አቶ ኦርቪል ዛስትሮ ይባላሉ። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዊሎው ፎርድ በምትባለው ከተማችን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቦት ጫማ ሸጠዋል። እኔ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከፊት ለፊታቸው መነጽር እሸጣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ያንኑ ቡናማ ፒክአፕ ነው።

ከተማችን የንግድ ማሻሻያ ቀጠና የሚሉት ነገር አላት። መሃል ከተማ ሕንፃና ሱቅ ያለን ሰዎች ከግብራችን ላይ ትንሽ እንጨምራለን፤ በእሱም አበባ ይሰቀላል፣ በረዶ ይጠረጋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ስብሰባ ይደረጋል። በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዶናት ባለበት። የቦርዱ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። በሥልጣን ዘመኔ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠራሁም፤ አንዲት ካርድ ብቻ ጽፌያለሁ። ያለቦታቸው በሚያቆሙ ነጋዴዎች መኪና ላይ፣ መስታወት መጥረጊያው ሥር የምትሰካ ናት፦ «ውድ ጎረቤታችን፣ ይህ የደንበኛ ቦታ ነው። መኪናዎን ከኋላ ባለው ሜዳ ያቁሙ። በአክብሮት።» «በአክብሮት» የምትለዋን ለማስገባት ብቻ ሁለት ስብሰባ ተከራክሬያለሁ።

አቶ ዛስትሮ የመጀመሪያዋን ካርድ ያገኙ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ።

«ሌኒ፣ ይህቺን የጻፍክ አንተ ነህ?»

«ቦርዱ ነው፣ አቶ ዛስትሮ።»

«እኔስ ደንበኛ አይደለሁም?» አሉና ከደረት ኪሳቸው ደረሰኝ መዘዝ አደረጉ። በዚያው ጠዋት ከገዛ ሱቃቸው አንድ ጥንድ የጫማ ማሰሪያ ገዝተዋል። ሻጭ ኦ. ዛስትሮ፣ ገዢ ኦ. ዛስትሮ፣ ፊርማው ሁለት ቦታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሪያ ያልገዙበት የሥራ ቀን የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በርኒስ ቲማቲሙንም፣ ጋዜጣውንም፣ የገና ዛፉንም በጫማ ማሰሪያ ነው የሚያስሩት ይባላል። ካርዱም አልቆመ፣ ደረሰኙም አልቆመ።

የከተማው ሕግ ደግሞ አለ፤ አንድ መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲቆም አይፈቅድም። የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ጎማው ላይ በጠመኔ ታሰምራለች፤ ተመልሳ መስመሯን እዚያው ካገኘቻት ትቀጣለች። ዞር ስትል ክቡርነታቸው ይወጣሉ፣ መስመሯን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፣ ፒክአፓቸውን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ አድርገው ያቆሙና ይመለሳሉ። «ተንቀሳቅሷል!» ይላሉ ለሚጠይቃቸውም ለማይጠይቃቸውም። ኋላ ያለው ሜዳ ግን ከሱቃቸው የጓሮ በር ዘጠና እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ፤ እልኸኛ ነኝ።

ባለፈው የበረዶ ወራት የቀጠናው ሥራ አስኪያጅ ትሩዲ አንድ ንድፍ ይዛ መጣች። መንገዱ ዳር የእንጨት ወለል፣ በላዩ ወንበር፣ ጥላና አበባ። ሰው አይስክሬሙን ይዞ አረፍ የሚልበት። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው የትኛው ቦታ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቦርዱ አራት ለአራት ተከፈለ፤ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ውሳኔው ለሚያዝያ ተላለፈ። አቶ ዛስትሮ ዶናታቸውን እንደ ዳኛ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ መቱት።

«እኔ ቆሜ እያለሁማ አይሆንም!»

በመጋቢት በረዶው ሲረጋ፣ ያቺን አንድ እርምጃ ሊያንቀሳቅሱ ወጥተው አዳለጣቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧቸው እንኳ «መኪናዬን እንዳትነኩ!» እያሉ ነበር። ፒክአፑን ወይዘሮ በርኒስ ነድተው ወደ ቤት ወሰዱት።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ። ቦታው ባዶ ሆነ። አሁን የደንበኛ መኪና ይገባል ብዬ በመስኮት ስጠብቅ ዋልኩ። አልገባም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ዛስትሮ ሞተ እንዴ?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሌላው ጠየቀኝ። በማግስቱ መነጽር ልታሠራ የመጣች ሴትዮ ደግሞ «እናንተም ልትዘጉ ነው አሉ» አለችኝ። አንድ መኪና ጠፍቶ ጎዳናው በሙሉ ተዝካሩ ወጣ።

በእሑዱ ባለቤቴ የሠራችውን ፓስታ በትሪ ይዤ ወይዘሮ በርኒስ ዘንድ ሄድኩ። የሰማሁትን አጫወትኳቸው፤ ሳቁ።

«አንተ ያኔ አልነበርክም፣ ሌኒ። አውራ ጎዳናው ዳር ያ ትልቁ የገበያ ማዕከል ሲከፈት እዚህ ሱቁ ሁሉ በየተራ ተዘጋ። ኦርቪል ‹ሰው ባዶ መንገድ ካየ አይቆምም› አለ። የራሱን መኪና ደጃፉ፣ የኔን የተዘጋው መድኃኒት ቤት ፊት፣ የወንድሜን ደግሞ ያንተ ሱቅ አሁን ያለበት ጋ ማቆም ጀመረ። በየሁለት ሰዓቱ እየወጣ ቦታ ያቀያይራቸዋል፣ ሰው የመጣ የሄደ እንዲመስል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ነው የሄድኩት!»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን? ለኮሚቴ?»

አፈርኩ። ያለ በጀት፣ ያለ ቦርድ፣ ያለ ዶናት፣ ቀጠናው እሳቸው ነበሩ።

የሚያዝያው ማክሰኞ ደረሰ። አራት ለአራት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ወለሉ ይሠራ» አልኩ፣ «ግን እኔ ደጃፍ።»

«አንተ ደጃፍ እኮ ፀሐይ የለም!» አለች ትሩዲ።

«ጥላ የሚወድ ሰው የለም?»

በዚያው አለፈ። በማግስቱ ጠዋት የራሴን መኪና አቶ ዛስትሮ ቦታ ላይ አቆምኩ። በበነጋውም እንዲሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለጊዜው ነው» እል ነበር። ሌላ ምን እላለሁ? ናፍቀውኝ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ መነጽር እየጠረግሁ በመስኮት ስመለከት መኪናዬ ላይ ካርድ ተሰክቷል። ወጥቼ አየሁት፤ የገዛ ካርዴ፣ ጠርዙ ወይቧል፣ «በአክብሮት» ከምትለው ሥር በእርሳስ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ለካ ሁሉንም አስቀምጠዋቸው ኖሯል። ክቡርነታቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል፤ ከኋላዬ ወይዘሮ በርኒስ ፒክአፑን አስነስተው ይጠብቃሉ።

«አንሳ እንጂ!» አሉኝ አቶ ዛስትሮ። «ማንበብ አትችልም? የደንበኛ ቦታ ነው!»

አልፌያቸው ሱቃቸው ገባሁ፤ እያጉረመረሙ ተከተሉኝ። አንድ ጥንድ ማሰሪያ ገዛሁ፤ ደረሰኝ ካልጻፉልኝ አልወጣም አልኩ። ጻፉ። እዚያው ፊታቸው ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«እኔስ ደንበኛ አይደለሁም?»

ተቀብለው ቀኑን አዩ፣ ፊርማቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወጡ፣ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ፣ ሐኪም በተካላቸው አዲስ ዳሌ እንደምንም ጎንበስ ብለው ጎማዬ ላይ አሰመሩ።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ» አሉ።