የዝናብ ፖስተሬ ለቅሶ ቤት ሆነ

ዛሬ ስንት ሰው እንዳጽናናኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የሞተብኝ ሰው ግን የለም!

ማለቴ፣ አሁን የሞተብኝ የለም። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው።

እንደምታውቁት እዚህ ገጽ ላይ ብዙ አልጽፍም። የበዓል መልካም ምኞት፣ አልፎ አልፎ የጓሮዬን ማንጎ ፎቶ። ዛሬ ግን ለማን ልንገር? ቤት ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሲያወራ እንጂ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሴቻ ሰፈር ባለው ግቢያችን የዝናብ መለኪያ ተክሎ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃውን እየለካ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። እሱ ሲያርፍ እኔ ቀጠልኩ። ታምሜም ቢሆን አንድ ቀን አልዘለልኩም። አሁን ግን ዓይኔ ደክሟል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ። የሚረከበኝ ካላገኘሁ ደብተሩ እኔ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ አንድ ኮሌጅ የምርምር ፖስተር ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ "የከተማው ነዋሪም ሥራውን ማቅረብ ይችላል" ሲል ተመዘገብኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬ የለ!

ፖስተር ማለት ትልቅ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ይሞላል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ከደብተሮቹ እያንዳንዱን ቀን አስገባሁ። ግማሹን ብተው የደበቅኩ መሰለኝ። ከላይ ለእንግዶች የትህትና ሰላምታ ጻፍኩ። መሃል ላይ የባለቤቴን ፎቶ አደረግሁ፤ በትልቁ። ሥራውን የጀመረው እሱ ሆኖ ሳለ የራሴን ስም ብቻ ልጽፍ ነው እንዴ?

ሲቀላ ሰፈር ያለ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላዬን አየ። ምንም አልጠየቀኝም። የለመደውን ሠራ።

ጥቁር ፍሬም። ግራና ቀኝ ሻማ። ከላይ ሁለት ነጭ ርግብ!

ሁሉንም በእሱ ላይ አላላክክም። ርግቦቹን ሳይ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ብዬ ነበር። ግን አማረኝ። ከፍዬ ወሰድኩት።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ገብቼ ሰቀልኩት። አጠገቤ የአንድ የግብርና መምህር ፖስተር አለ፤ ላንቴ ቀበሌ ስለገባው የሙዝ በሽታ። አንድ ትልቅ የታመመ ቅጠል፣ አንድ ግራፍ፣ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ምስኪን፣ የሚጽፈው አጥቷል ብዬ አዘንኩለት።

ሰው ከበበው።

እኔ ጋ የመጣው የመጀመሪያው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ" ብሎ አለፈ። ጨዋ ሰው ነው አልኩ።

ሁለተኛው "ቀብሩ ተፈጽሟል?" አለኝ።

ሦስተኛዋ የእድራችን ጸሐፊ ናት! ገና ከሩቅ ደረቷን ይዛ መጣች።

"ምነው ሳትነግሪን? ማን ነው ደግሞ?" ጠጋ ብላ አየች። "ውይ፣ እሳቸው ናቸው እንዴ? እሳቸውንማ ቀብረን የለ!"

"ስለ ዝናብ ነው" አልኳት።

"ምኑ?"

"ፖስተሩ።"

ሻማዎቹን አየች። እኔን አየች። "ይሁን እሺ፣ አይዞሽ" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

የሙዙ መምህር ዙሪያ ያሉት ሰዎች ሲስቁ እሱ ራሱ "ቀስ በሉ፣ ሐዘንተኛ እናት አሉ" አላቸው!

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከአራተኛው ሰው በኋላ ማስተባበሉን ተውኩት። "አሜን" እያልኩ እጄን ሰጠሁ። ሰው እጄን ከያዘ ሰነባብቷል።

እስከ ምሳ ድረስ ስለ ዝናብ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሰው ሲቀንስ መምህሩ ሊያጽናናኝ መጣ። "መቼ ነው ያረፉት?" አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው ስለው ግራ ገባው። መነጽሩን አድርጎ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጋ።

"እማማ፣ ይህን ሁሉ እርስዎ ለኩት?"

"እሱ ጀመረ፤ እኔ ቀጠልኩ።"

"ታዲያ ምን ተለወጠ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ።"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"የበልግ ዝናብ እየዘገየ ነው። ሲመጣም ባንዴ ይወርዳል" አልኩት።

"በሉ እሱን ከላይ በትልቁ ይጻፉት! ከሥሩ አንድ ግራፍ ይበቃል። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ያኑሯቸው፤ የፈለገ ይገልጣል። ፎቶውን ደግሞ..." ብሎ አየኝ።

"ላውጣው?"

"አያውጡት። ያሳንሱትና ከታች ያድርጉት፤ 'ሥራውን የጀመሩት' ብለው። ነገም ኤግዚቢሽኑ አለ። ተማሪዎቼን አመጣለሁ። የሚረከብዎት ከነሱ ይገኝ ይሆናል።"

አሁን ቤት ነኝ። ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ዓረፍተ ነገሩን በማርከር ጻፍኩት። ግራፉንም በማስመሪያ ሠራሁ፤ ትንሽ ተጣሟል። ከዚያ ብዙ ባዶ ቦታ ተረፈ። ባዶነቱ ያሳፍራል፤ ግን ከበሩ ላይ ሆኜም ማንበብ ቻልኩ። በእኔ ዓይን!

ፖስተር መሥራት በዚህ ዕድሜ ተማርኩ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ የምታውቁ ንገሩኝ።

ነገ ስለ ዝናብ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው እጄን ይይዛል? ወይስ ቆሞ አንብቦ ብቻ ነው የሚሄደው?